የመብረቅ ጠያቂ

ወፍጮ የሚል ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ማንበብ ከጀመረች ጥሬ አታስቀርም፤ ቀስ ብላ ሁሉንም ፈጭታ ታልመዋለች። ነርስነት ትማራለች። ነርስ ከሆነች ታላቅ እህቷ ጋር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ የምታጠናውም ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘንድሮ መመረቅ ነበረባት። ሦስተኛ ዓመትን ያስደገማት አንድ ልጅ ነው።

ልጁን መብረቅ ይሉታል፤ በፍጥነቱ። አምና የቡድን ሥራ ላይ ድርሻውን በኤአይ አስጽፎ፣ ሳያነበው፣ ከሌሎቹ ጋር አጣብቆ አስገባ። በዋቢነት ከደረደራቸው ጽሑፎች ገሚሱ በዓለም ላይ የሉም። ሲጠየቅ ያንን ክፍል የጻፈችው ወፍጮ ናት ብሎ ማለ፤ የቀሩት የቡድኑ ልጆች ጫማቸውን አዩ። የእሷ ዓመት ተሰረዘ፣ እሱ አለፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ትምህርት ክፍሉ አንድ ልማድ አለው። ተመራቂ ጽሑፉን ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚጠይቀው አስተማሪ ሳይሆን ከበታቹ ክፍል የመጣ ተማሪ ነው፤ ለታናሹ ማስረዳት ያቃተው ለበሽተኛ አያስረዳም በሚል። የመብረቅ የማቅረቢያ ቀን ሲወጣ ወፍጮ ጠያቂው እኔ ልሁን ብላ ማንም ሳይቀድማት እጇን አወጣች።

እህቷ ከሥራ ገብታ ካልሲዋን እያወለቀች ሰማቻት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ተይው አለቻት።

«ማን ሊጸልይ ነው?» አለች ወፍጮ።

ጠያቂ ናትና ቀድሞ የተሰጣት የመብረቅ ጽሑፍ ስለ ቁስል አስተሻሸግ ነበር። ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ ዋቢዎቹን ለኤአይ ሰጥታ የሌለው የትኛው ነው ብላ ጠየቀች። ሦስተኛው የለም አላት፣ ያለ ምንም ማመንታት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። አዳራሽ ውስጥ የምትለውን ጥርሷን እየቦረሸች ተለማመደችው።

አፏን ስትጉመጠመጥ ግን ቆም አለች። አምና መብረቅ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ የተነገረውን ሳያይ ማመን። ዋቢው ቢኖርስ? በሰው ፊት በሐሰት ከስሳው፣ ሁለተኛ ሊስቅባት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በማግስቱ ላይብረሪ ሄደች። ሠራተኛዋ ከኋላ መደርደሪያ አንድ የተጠረዘ የቆየ መጽሔት አወጣችላት። ጽሑፉ አለ፤ ርዕሱም ገጹም ልክ ነው። ወፍጮ ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ እዚህ ላይ እንኳ አለመዋሸቱ አናደዳት። ቢሆንም እዚያው ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስትጨርስ ፊቷ በራ።

በቀኑ አዳራሹ ሞላ፤ የመብረቅ እናት አበባ ታቅፈው ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ወፍጮ በደንቡ መሠረት ስትዘጋጅ ኤአይ መጠቀሟን፣ ዋቢዎቹን ግን ራሷ ፈልጋ ማየቷን ተናገረች።

«ሦስተኛውን ዋቢ አንብበኸዋል?»

«በደንብ።»

«እስቲ የሚለውን በራስህ ቃል ንገረን።»

መብረቅ የጻፈውን ደገመው፤ ፋሻው በየጠዋቱ ከተቀየረ ቁስሉ ቶሎ ይድናል አለ። ወፍጮ መጽሔቱን ገልጣ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሰጠቻቸው። ኃላፊዋ አነበቡ፤ ለመብረቅ አማካሪ መምህር አቀበሉ። ጥናቱ ያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ በየቀኑ የተነካካው ቁስል ለመዳን ዘገየ።

«ይህን በሽተኛ ላይ ልታደርገው ነበር?» አሉት ኃላፊዋ።

ኤአዩ እንዳሳሳተው ተናገረ።

«እኔንም አሳስቶኝ ነበር፤ ጽሑፉ የለም ብሎኛል» አለች ወፍጮ። «ሄጄ አየሁ።»

ዓመቱን እንዲደግም ተወሰነበት። እናቱ አበባውን ወንበሩ ላይ ትተውት ወጡ።

መብረቅ በር ላይ ጠበቃት። «ሆን ብለሽ ነው» አላት።

«ሆን ብዬ ነው» አለችው። «ያነበብኩትም ሆን ብዬ ነው።»

ማታ እህቷ፣ እናትየዋ አላሳዘኑሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ወፍጮ እሳቸውስ አሳዝነውኛል አለችና እራቷን ደግማ አወጣች።