የአንበሴ ግማሽ ጣሳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ እንጅባራ ወዳለው ቤታችን አንድ ቡችላ ይዞ መጣ። ጥቁር ሆኖ ደረቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ ብርዱ የሚያንቀጠቅጠው ፍጥረት ነው። ልጄ የዛሬ ልጅ ነውና ውሻውን ገና መሬት ሳያስነካ ስልኩን አውጥቶ ስንት መብላት እንዳለበት ይፈልግ ጀመር። ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል፤ እሱም በረንዳው ላይ ይሄዳል ይመጣል። በመጨረሻ አንድ የሻይ ብርጭቆ አንሥቶ፣ «እማ፣ ጠዋት ይህን ያህል፣ ማታ ይህን ያህል። ከዚያ በላይ ከሰጠነው ይሰንፋል፤ ግቢም አይጠብቅም» አለኝ።

«ወዲያ! እስኪተወው ድረስ አብላው!» አልኩት።

ድምፄ ሳላስበው ጮክ አለ መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አስቆጣሽ?» አለ። ምን እንዳስቆጣኝ ለመናገር ዳንግላ ድረስ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ መመለስ ነበረብኝ። ወደዚያ ደግሞ ደስ ብሎኝ ተመልሼ አላውቅም።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ያኔ ዳንግላ ባጃጅ የሚባል አታውቅም፤ ሰውም፣ እህሉም፣ ቆርቆሮውም፣ ሙሽራውም የሚሄደው በጋሪ ነው። የአባቴን ፈረስ ዳማው እንለዋለን። በቤቱ ያለነው አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ዳማውና ውሻችን አንበሴ ነን፤ አባቴ ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የዳማውን እግር አንድ በአንድ እያነሣ ያያል፣ ገብሱን ያቀርብለታል፣ ቀጥሎ እግሩን ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ዋላችሁ» የሚለን። አልፈርድበትም። ዳማው ከታመመ ጦማችንን ማደራችን ነው።

አንበሴን የማበላው እኔ ነበርኩ። የደረቀ የዳጉሳ እንጀራ እፈረፍርና በአተላ አርሼ፣ ድንች ከተረፈም ደባልቄ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ እሰጠዋለሁ። ጣሳውን እስኪያብረቀርቅ ይልስና አፍንጫውን ጉልበቴ ላይ ይጠርጋል። ቀሚሴ ከዚያ አተላ ሽታ ነጻ የሆነበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የዚያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተላከብኝ። በአዘና በኩል መሬትና ከብት የሞላው አንድ ሰው ለልጁ ፈልጎኝ ኖሯል። አባቴ «ልጄ ተማሪ ናት፤ አልሰጥም» አለ። ለዚህ ቃሉ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሽማግሎቹ የቀረበላቸውን ጠላ ከግማሽ ሳያሳልፉ ተነሡ። አንደኛው በሩ ላይ ዞር አለና፣ «እንግዲህ ያልሰጡትን መውሰድም አለ» ብሎ ሳቀ። የቀሩትም ሳቁ። አባቴም ለእንግዳ ክብር ብሎ ሳቀ። እናቴና እኔ አልሳቅንም።

ያኔ ጠለፋ ሩቅ አገር የሚሰማ ወሬ አልነበረም። ከክፍላችን ውኃ ልትቀዳ እንደ ወጣች የቀረች ልጅ ነበረች። ልጅቱ ትወሰዳለች፣ ሰንበትበት ይላል፣ ሽማግሌ ለእርቅ ይመጣል፣ በሬ ይታረዳል፤ እሷም ሚስት ሆና ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ወላጅ እንኳ «መልሱልኝ» አይልም። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻዬን ወደ ወንዝ አትልከኝም ነበር። አባቴ ግን ነገሩን በቃሉ የዘጋው መሰለው።

የአባቴ የልብ ወዳጁ አያ ይስማው የሚባል ባለጋሪ ነበር። ማኅበር አብረው ይጠጣሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ዛሬ ግን «እሱ» ልበለውና ይቅር በሉኝ።

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ጉሙም የቀርከሃ አጥራችን ላይ ተኝቶ ይውል ጀመር። ጎተራ የሚጎድልበት፣ ሰው የሚጎርሰውን የሚቆጥብበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን አያ ይስማው ቆሎ እየቆረጠመ አንበሴን አየውና፣ «ይሄ ውሻማ ተንደላቀቀ! የጠገበ ውሻ ተኝቶ ነው የሚያድር። ቀንሱለት። ውሻን የሚያነቃው ራብ ነው» አለ።

እናቴ ከጓዳ ሰማችው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ነው የሚባለው። እኛ ጋ ካልበላ ለእኛ ምን ብሎ ይጮኻል? የተራበ ውሻ ላጎረሰው ሁሉ ነው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ለሰው ያነሰውን ለውሻ ታበዣለሽ» አላት አባቴ። በማግስቱ የአንበሴ ጣሳ ግማሽ ሆነ።

መጀመሪያ ሰሞን አሳዘነኝ። ጣሳውን ልሶ ልሶ ዓይኔን ዓይኔን ያያል፤ ከጣሳው ጋር እየተንከባለለ ግቢውን ይዞራል። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ግማሿን ራሷን ተዋት። ነገሩ ስላልገባኝ ከራሴ ድርሻ ቆርሼ ጣል ባደርግለት እሱንም አሽትቶ ተወው። ታመመ ብዬ ደነገጥኩ፤ ግን ይዘላል፣ ይጫወታል፣ ፀጉሩም ቅቤ እንደ ተቀባ ያበራል። አባቴ ደስ አለው። «አያችሁ? ሲቀነስለት አማረበት» አለ።

እናቴ አጎንብሳ የአንበሴን ጎን በመዳፏ ዳበሰችው። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር። «የራበው ውሻ ምግብ አይተውም። ይሄን ውሻ ሌላ ሰው እያበላው ነው» አለች።

ያን ስትል ምንም ያልሆነ ግቢ ድንገት የማላውቀው ሆነብኝ። በየትኛው ቀዳዳ ነው የሚያጎርሱት? ማጀት ስገባ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ራሴን ስሠራ እያዩኝ ይሆን? አጥሩን ዞሬ ብመለከት ከበስተኋላ፣ ቀርከሃው ሳሳ ካለበት ሥር የተጋጠ አጥንት አገኘሁ። እኛ ቤት ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ሥጋ አልገባም።

አባቴ አጥንቱን እንዳየ ደሙ ፈላ። «ዳማውን ነው! ዳማውን ሊሰርቁ ውሻውን እያለማመዱት ነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ሳስበው ልስቅም ላለቅስም ይቃጣኛል። ፈረሱን ሌሊት ሌሊት እኔ ከምተኛበት ክፍል አስገባው። እኔን ደግሞ በጓሮ በር በኩል ወዳለው ጓዳ አሻገረኝ። የጓዳው በር መቀርቀሪያ እንኳ የሌለው፣ በገመድ የሚታሰር ነበር። እናቴ፣ «ስለ ልጅቱስ?» ብትለው፣ «ልጅቱን ማን ይሰርቃል?» አላት። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ አልታየውም።

እናቴ ጣሳው ሙሉ ይሁን ብላ ለመነችው። ከእኛ ጠግቦ ከዋለ የሰው እጅ አያይም ነው የምትለው። አባቴ ግን ያማከረው አያ ይስማውን ነበር። «እንዲያውም ጭራሽ እፍኝ አድርጉት፤ ይራብና ይንቃ። ፈረሱን ደግሞ ቀንም ቢሆን ቤት አትተወው፣ ከዓይንህ አትለየው» አለው። አባቴ ገበያ ቀን ቀትር ላይ እየመጣ ዳማውን ግቢ አስሮ አረፍ ይል ነበር፤ እሱንም ተወው። ቤታችን ቀን ቀን ከእኔ በቀር ሰው የማይውልበት ሆነ። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ገበያ አትቀርም። «በሩን ዝጊ፣ ለማንም አትክፈቺ» ብላኝ፣ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሳ ያንኑ ደግማልኝ ነበር የምትሄደው።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ፤ አንበሴ እግሬ ሥር ተጋድሟል። ድንገት ጆሮውን አቆመ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ተነሣና ጭራውን እየቆላ፣ በደስታ እያለቀሰ ወደ አጥሩ በር ሮጠ።

አባቴ በዚያ ሰዓት አይመጣም፤ እናቴም አትመጣም። ያ የሚያበላው ሰው በር ላይ ቆሟል። ዳማው ደግሞ ቤት የለም፤ አለመኖሩንም ከተማው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ምን ሊወስዱ መጡ? ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ።

ቢላዋውን እንደ ያዝኩ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከቤቱ ጥግ ሆኜ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። አያ ይስማው ነበር! አንበሴ እጁን ይልሰዋል፤ እሱ ከካፖርቱ ኪስ ሥጋ እያወጣ ያጎርሰዋል። ከኋላው ጋቢ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል። የአያ ይስማው ጋሪ ፊቱን ወደ አዘና መንገድ አዙሮ ቆሟል።

«ትርንጎ! የኔ ልጅ!» ብሎ ተጣራ። «ቶሎ ውጪ! አባትሽን ፈረሱ ረግጦት ጤና ጣቢያ ተኝቷል፤ ይጠራሻል!»

ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ «እውነት ቢሆንስ?» የሚል ነገር እግሬን ያዘው። አባቴ ደም በደም ሆኖ ታየኝ። አንድ እርምጃ ወደ እነሱ መሄዴን ዛሬም አስታውሳለሁ። ያኔ ከጎረምሶቹ አንዱ በአዊኛ፣ «ካልወጣች እንግባ» ሲል ሰማሁት። አዊኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ በሳሳው አጥር ሾልኬ ወጣሁ፤ ቀርከሃው ክንዴን ሲቀደኝ እንኳ አልተሰማኝም።

የጓሮ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ባለሱቅ ነበሩ። በጓሮ በራቸው ስገባ አንድ ጊዜ ፊቴን አዩኝ። በክንዴ ይዘው ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ አስቀመጡኝና ባዶ ጆንያ ጣሉብኝ። ጥቂት ቆይቶ የአያ ይስማው ድምፅ ሱቁ በር ላይ መጣ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ትርንጎን አላዩዋትም? አባቷ ታሟል።»

«አባቷን አሁን ደህና ሆኖ በዚህ ሲያልፍ አየሁት፤ ወላሂ! ይልቅ እነዚያ ጋቢ የለበሱት የማን ልጆች ናቸው? ግለጡትና ሰላም እንባባል» አሉት። ከዚያ መልስ ሳይጠብቁ ወደ መንገዱ ወጥተው፣ «የመንደር ሰው! ኑ እስቲ! ኑ!» ብለው ጮኹ። አባቴ እንኳን በዚያ ሊያልፍ ገበያ ማዶ ነበር። ጋሪው ሲፈተለክ ከጆንያው ሥር ሰማሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሰፈሩ ሰው ዱላውን ይዞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ ሲመጣ ነገሩን እናቴ ነገረችው። ቆሞ ሰማ። «ይስማው?» አለ። እንደገና፣ «ይስማው?» አለ። ቆይቶ የአያ ይስማው ሚስት ከአዘናዎቹ ጋር የሥጋ ዘመድ መሆኗ ታወቀ። ሽማግሌዎች አስታረቋቸው፤ ማኅበሩ ግን ለሁለት ተከፈለ። አባቴ በማግስቱ የጓዳዬን በር በሳንቃ ሠራው፤ አንበሴንም ሊገድለው ተነሥቶ ነበር፣ እናቴ ከለከለችው። «ያበላውን ነው ያወቀ። እኛ ነን ለሌላ የተውነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ጣሳውን ሞልቶ የማይሰጥ በቤታችን አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አያ ይስማው በመንገድ ባለፈ ቁጥር አንበሴ ጭራውን ይቆላለት ነበር።

ይህን ሁሉ በረንዳችን ላይ ለልጄ ነገርኩት። ሰማኝና፣ «አያቴ ግን የነገሩኝ ሌባ ፈረሳቸውን ሊወስድ መጥቶ እንደ ነበር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አባቴ ሰው በጠየቀው ቁጥር፣ እስኪሞት ድረስ፣ «ዳማዬን ሊሰርቁ መጥተው» ነበር የሚለው። ልትጠለፍ የታሰበች ልጅ ስሟ ይነሣል፤ ሰው «ደርሰውባት ይሆናል» ይላል። ስሜን ሊጠብቅልኝ ብሎ ነው። ይህን የተረዳሁት ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ስሜን ጠብቆልኛል፤ ተምሬያለሁ፣ አስተምሬያለሁ፣ የወደድኩትን አግብቻለሁ። ግን ምን አለበት፣ አንድ ቀን፣ ሰው በሌለበት እንኳ፣ እኔና እሱ ብቻችንን ሆነን፣ «ያን ጊዜ ልጄን ሊወስዱብኝ ነበር» ሲል በሰማሁት።