የሱልጣና ከርከዴ

ሱልጣና ከወሎ ወደ አዋሽ የመጣችው ባሏን ጣሃን ተከትላ ነው። እሱ የባቡር ሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። እዚያ የወለደቻቸውን ልጆቿን ወባ ወሰደባት፤ የቀራት ጣሃ ብቻ ሆነ።

ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። ከጓሮዋ ከርከዴ ትተክላለች፤ አበባው ሲረግፍ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረውን ቀይ ሽፋን ለቅማ ታደርቃለች። አፍልታ፣ አቀዝቅዛና ስኳር ጨምራ ለመንገደኛ ትሸጠዋለች።

አንድ በጋ ጣሃን ራስ ምታት አልለቅ አለው። ክሊኒክ ሄዶ የደም ግፊቱን ሲለካ፣ በሽተኛ የሚያየው የድሬሰሩ የሣህሌ ፊት ተለወጠ።

«ግፊትህ ብሷል። ይህን ኪኒን ሳታቋርጥ ትውጣለህ፤ ጨው ቀንስ።»

ጎረቤቷ ኑራ ይህን ስትሰማ፣ «እናቴ ለግፊት ከርከዴ ያለ ስኳር ነበር የምትጠጣው» አለቻት። ሱልጣና ሣህሌን ጠየቀችው።

«ይጠጣ» አላት። «ያ ቀይ ቀለሙና ጎምዛዛው አሲድ የደም ሥር ያላላል ይላሉ፤ ሽንትም ያበዛል። ግን እትዬ ሱልጣና፣ ከኪኒኑ ጋር ነው፤ በኪኒኑ ፈንታ አይደለም።»

ጠዋትና ማታ እያፈላች ሰጠችው። ራስ ምታቱ ተወው። ጣሃ ደስ አለው፤ ለጓደኞቹም ሚስቴ አዳነችኝ እያለ ያወራ ጀመር። ኪኒኑን መተዉን ግን አልነገራትም።

በዚያው ዓመት ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ተነሣ። ሐዲዱ በምሥራቅ በኩል ተቆረጠና የጥገና ሠራተኞች እንዲዘምቱ ታዘዘ። ጣሃ ሻንጣውን ሲይዝ ሱልጣና ደረቅ ከርከዴ በከረጢት ሞላችለት።

«ኪኒንህንስ?»

«ይዣለሁ» አላት።

እዚያ፣ በጠራራ ፀሐይ ብረት ሲያነሣ ወደቀ። በጭነት መኪና አመጡት። ግማሽ አካሉ አይንቀሳቀስም፤ አፉም ተጣሟል። ልብሱን ስታጥብ ከሻንጣው ኪስ ኪኒኑን ከነመጠቅለያው አገኘችው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬዎች በቀር አልተነካም።

ክረምቱን ሁሉ በማንኪያ አበላችው። ሊናገር እየፈለገ ይታገላል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያም እንባው ይወርዳል። «ተወው የኔ ጌታ፣ ገብቶኛል» ትለዋለች፤ ያልገባትንም ቢሆን። በሮመዳን መጨረሻ ላይ ሞተ።

ከቀብር ማግሥት ከጓሮዋ ያለውን ከርከዴ ከሥሩ እየነቀለች ጣለችው። ለለቅሶ የመጣው ሣህሌ እጇን ያዛት።

«ምን አደረገሽ?»

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ይህን ባላጠጣው ኖሮ ኪኒኑን አይተውም ነበር።»

«ከርከዴው አልጎዳውም፤ እንዲያውም ጠቅሞታል። ቀለል ሲለው የዳነ መሰለው። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሞተው፤ አንቺ አላስተውሽውም።»

«አውቃለሁ» አለችው። «እጄ ግን እምቢ አለኝ።» መንቀሏን ቀጠለች።

ሻይ ቤቷን ለኑራ ትታላት ወደ ሎጊያ ሄደች። እዚያ ለጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ምግብ እየሠራች ብቻዋን አረጀች። ከርከዴ የጠየቃትን ሁሉ «የለኝም» ትለዋለች። ግፊት አለብኝ የሚል ሾፌር ከተቀመጠ ግን ሳህኑን ከማቅረቧ በፊት አጠገቡ ትቆማለች።

«ኪኒንህን አውጣና አሳየኝ፣ ልጄ።»

የሚስቁባት ነበሩ። እሷ ግን አይታ ካልጨረሰች ከአጠገባቸው አትሄድም ነበር።