የኦካሌና ሁለት ጠርሙሶች

ኦካሌና የተወለደችው በሰሜኑ ብርዳም አገር፣ በኑሻጋክ ወንዝ ዳር ነው። እዚያው ስድሳ በጋ ሙሉ ሳልመን የተባለውን ዓሣ ሰንጥቃ አጭሳለች። ለተራበ አትሰስትም፤ እንግዳ ግን አታምንም። አባቷ «ካርታ ይዞ የመጣ ሰው ሲመለስ ብቻውን አይመጣም» ይላት ነበር። እንዳለውም ካርታ ሠሪዎች መጥተው በሄዱ በሁለተኛው ዓመት፣ ወርቅ ፈላጊዎች በሄሊኮፕተር መጥተው ከላይኛው ተራራ ሰፈሩ።

ስለዚህ ካሪን የተባለችው ተመራማሪ ባዶ ጠርሙሶች ይዛ ከማጨሻው ቤት ደጃፍ ስትቆም፣ ኦካሌና ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«እማማ፣ ከጅረታችሁ ትንሽ ውኃ ነው የምፈልገው» አለች ካሪን። «ውኃ ያለፈበትን ድንጋይ ምልክት ይዞ ይወርዳል፤ ምልክቱም በየጅረቱ ይለያያል። ዓሣው ትንሽ ሳለ ያ ምልክት በጆሮው ውስጥ ባለው ትንሽ ጠጠር ላይ ይቀራል። ባሕር ደርሶ ቢመለስም፣ ከየጅረቱ ውኃ ጋር ሲመሳከር የት እንደተወለደ ጠጠሩ ይናገራል።»

«ዓሣው ከተናገረ እኔ ጋ ምን አመጣሽ?»

ታናሽ ወንድሟ ኢቮን መረብ እየጠገነ ሳቀ። «እትዬ፣ ውኃ ነው የጠየቀችሽ፤ ለጋብቻ አልጠየቀችሽም።»

«አንተ ዝም በል። ውኃ ለመቅዳት በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

የመንደሩ ሰው ግን አስቀድሞ እሺ ብሏል። እንደ ወጉ በሣር ጠቅልሎ ቀብሮ፣ ሲኮመጥጥ የሚበላውን የዓሣ ጭንቅላት እንኳ ጠጠሩን እንድታወጣበት ለካሪን ሰጥቷል። ኦካሌና ብቻዋን እምቢ ማለት አልሆነላትም። «እኔው እቀዳልሻለሁ» ብላ በጀልባዋ ሄደች፤ ቀድታ ያመጣችው ግን ከተጠየቀችው ከእናቷ ወገኖች ጅረት ሳይሆን፣ ከዚያ በታች ካለው ረግረግ ነበር።

በዓመቱ ካሪን የወንዙን ቅርንጫፎች ሁሉ በቀለም የለየ ካርታ ይዛ ተመለሰች። የለካቻቸውንም ያልለካቻቸውንም ጅረቶች ምልክት ከድንጋያቸው ተነስታ በስሌት ገምታለች።

«በሌላው ቦታ ስሌቱና ጠርሙሱ ይስማማሉ» አለች። « የእርስዎ ጠርሙስ ብቻ አልገጠመም።»

«ስሌትሽ ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ይሆናል። እንግዲያው ጠርሙሱን አምኜ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ እዚያ የተወለዱት ዓሦች ለሌላ ጅረት ይቆጠራሉ፤ የእናንተ ጅረት ዓሣ የለውም ይባላል። የወርቅ ቁፋሮው ፈቃድ በመስከረም ይታያል። ዓሣ የለውም ለተባለ ጅረት ማን ይከራከራል?»

ኢቮን መረቡን ከጉልበቱ አወረደ። ኦካሌና የካሪንን ፊት አተኩራ አየች። ልታስፈራራኝ ነው ወይስ እውነቷን ነው? የትኛውም ቢሆን፣ ጅረቱ ግን አንድ ነው፤ እናቷ ዓሣ መሰንጠቅ ያስተማረቻት እዚያ ነው።

«ወፈር ያለ ልብስ ደርቢ» አለች በመጨረሻ። «ጀልባው ላይ ይበርዳል።»

ከጅረቱ ሲደርሱ ኦካሌና፣ ካሪን ውኃውን በእጇ እንድትነካ እንኳ አልፈቀደችላትም። ራሷ ጎንበስ ብላ ሁለት ጠርሙስ ሞላች፤ አንዱን ሰጥታ ሌላውን ከጉያዋ ከተተች።

«ሁለተኛው ለምንድን ነው እማማ?»

«የኔ ነው። የጻፍሽውን አመሳክርበታለሁ።»

«መለኪያው የለዎትም እኮ።»

«እኔ ባይኖረኝ» አለች ኦካሌና ክዳኑን እያጠበቀች፣ «አንቺን የማታምን ሌላ ተመራማሪ አትጠፋም።»