ቤቴን የሸጠብኝ ዳቦ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ዕለት መጋረጃ አጥቤ ሰቅዬ ነው የወጣሁት። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ጠዋት የቀበሌ ሰው ቢያልፍ ቤቱ ሰው ያለበት መምሰል ነበረበት። እህቴ አልማዝ «አሁን የምትሄድ ሴት መጋረጃ ታጥባለች?» እያለች ታለቅሳለች፤ የሰባት ዓመቷ ልጄ ማህሌት ደግሞ እርጥቡ መጋረጃ ውስጥ ተጠቅልላ ትስቃለች። ልጄን ለእህቴ ትቼ ስወጣ «ቤት እንዳገኘሁ እወስድሻለሁ» አልኳት። አንድ ሁለት ወር መስሎኝ ነበር። የመንገዱን ነገር ስንቱ ጽፎታል፣ እኔ አልደግመውም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ቤት ነው።

ፍራንክፈርት ገብቼ፣ በየመጠለያው ተንከራትቼ፣ ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ሥራ ይዤ፣ የራሴን ቁልፍ እስክጨብጥ ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጋሉስ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት። ወዲያው ወረቀቴን ሰብስቤ ልጄን ላምጣ ብዬ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ልጅሽ ማን ጋ ናት፣ ደህና ናት ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ስንት ካሬ ሜትር አለዎት?» አለኝ።

«እናቷ ነኝ» አልኩት።

«እሱ እዚህ ተጽፏል። ክፍል አላት ወይ ነው የምጠይቅዎት።»

እኛ አገር ስድስት ልጅ አንድ መደብ ላይ ተኝቶ አድጎ ዶክተር ይወጣዋል፤ እዚህ ክፍል የሌላት ልጅ እናትም የላት። ደግነቱ ሁለተኛ ክፍል ነበረኝና የኪራይ ውሉን ዘረጋሁለት። ለማህሌት አዲስ አበባ የጀርመን ኤምባሲ ሰኔ ላይ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ተያዘላት። ሰውየው ሲሸኘኝ «እስከዚያ ቤቱ ይኑርዎት» አለኝ። የት ይሄዳል ብዬ ሳቅሁ።

ኅዳር ላይ አከራዬ ሄር ክራመር መጣ። ሲገባም ሲወጣም ጫማውን የሚጠርግ ሽማግሌ ነው።

«ቤቱን በጸደይ እሸጠዋለሁ» አለኝ። «በክረምት የሚገዛ የለም። ክረምቱን እናዘጋጀዋለን፣ ብርሃን ሲመጣ እናሳየዋለን።»

ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስላችሁ። የዚህ አገር ክረምት ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ጨልሞ፣ ማግስቱን ሥራ ከገባችሁ በኋላ የሚነጋ ነው። «እናዘጋጀዋለን» ሲልም እኔን ማለቱ ነበር።

«እኔስ?» አልኩት።

«እርስዎ ይቆያሉ። የሚገዛው ሰው አከራይቶ ገቢ ለማግኘት ነው። ንጹሕ ቤትና ጥሩ ተከራይ ሲያይ ደስ ይለዋል። ቃሌ ነው።»

እዚህ አገር ውሻ እንኳ ወረቀት አለው፤ ይህን የማያውቅ ስደተኛ የለም። እኔ ግን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ቃሌ ነው ሲለኝ «ይጻፍልኝ» ማለት ስድብ መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ታች ቤት የሚኖሩት ጋሽ ዑመር ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ እዚህ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«ሽሪፍትሊሽ ሰጥቶሻል? በጽሑፍ?»

«ቃሉን ሰጠኝ፣ ጋሽ ዑመር።»

«ቃል! ጓለይ፣ ልጄ፣ ወላሂ፣ ሃያ ዓመት ሠርቼ እዚህ አገር በቃል የተሰጠኝ ጉተን ሞርገን፣ እንደምን አደርክ፣ ብቻ ነው።»

እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ክረምቱን ሙሉ ከፋብሪካ በስትራሰንባን፣ በከተማው ባቡር፣ ተመልሼ የክራመርን ቤት ስሞሽር ከረምኩ። የምስማር ቀዳዳ ደፈንኩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሻጋታ በኮምጣጤ ፈተግኩ፣ ግድግዳ ቀባሁ። በጥር ብርድ መስኮት አስከፍቶኝ «ሉፍተን፣ ሉፍተን!» ይለኛል፤ አየር ይግባ ማለቱ ነው። የገባው አየር የሚሞቀው እኔ በምከፍለው ማሞቂያ ነው። ያመጣልኝ ቀለም ነጭ ብቻ ነበር። ማህሌት ግን በስልክ «የኔ ክፍል ቢጫ ይሁን» ብላኝ ስለነበር የሷን ከራሴ ገዝቼ ቢጫ ቀባሁት። ክራመር አይቶ ትንሽ ካጉረመረመ በኋላ «ፀሐይ የገባ ያስመስለዋል፣ ይቆይ» አለ። ልጄ ክፍሏን እሱ የፈቀደላት ይመስል!

ቀጥሎ ወጤ ላይ መጣ። «ያ ቀይ ነገር ገዢ ያባርራል» አለኝ። እኛ አገር የወጥ ሽታ ጎረቤት ይጠራል፣ እዚህ ደብዳቤ ይጠራል። ሁለት ወር ሙሉ ድስቴን ይዤ ጋሽ ዑመር ወጥ ቤት እየወረድኩ ሠራሁ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገዢዎች መታየት ጀመረ። ክራመር ሰዎቹ ሲመጡ ውጪ ይቆዩ ብሎኝ ነበር። ቤቴ እንግዳ ሲመጣ እኔ ብርድ ላይ ልዙር? ነውር አይደል? ድፎ ዳቦ ጥቁር አዝሙድ ነስንሼበት ጋገርኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ጠበቅኳቸው። መጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋዬ አጠገብ ቆሙ፣ ቁም ሣጥኔን ከፈቱ፣ ግድግዳ አንኳኩ። አንዱማ እኔ እዚያው ቆሜ «ሴትየዋስ?» አለው፤ ክራመር «እሷ ችግር አትሆንም» አለ። ሞኟ እኔ፣ ያመሰገነኝ መስሎኝ ዳቦ ጨመርኩለት። ክራመር በቁጣ ቀልቶ ነበር። ዳቦው ግን አለቀ። ማግስቱን ደወለልኝ፦

«ለሚቀጥለው ቅዳሜም ያንን ዳቦ ይጋግሩ። ሽታው ጥሩ ነው።»

ወጤ ያባርራል፣ ዳቦዬ ይሸጣል! መናደድ ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። አራት ቅዳሜ ጋገርኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ ወጣት ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቱ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ቢጫው ክፍል ገባችና «ማይን ጺመር! የኔ ክፍል!» እያለች ዘለለች። እኔም ስቄ ግንባሯን ሳምኳት። እናቷ «እንዲህ ሞቅ የሚል ቤት አላየንም» ብላ የዳቦውን አሠራር ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፣ ጽፌ ሰጠኋት። አያችሁ ጉዴን? እኔ የዳቦ አሠራር እንኳ በወረቀት እሰጣለሁ፣ ቤቴን የያዝኩት ግን በቃል ነው።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤ መጣ። ጋሽ ዑመር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ። አዲሶቹ ባለቤቶች ቤቱን ለራሳቸው ስለፈለጉት በሦስት ወር ውስጥ ልለቅ ነው። ደብዳቤው ላይ ልጃቸው የራሷ ክፍል እንደሚያስፈልጋት ተጽፏል። የነሱም ልጅ ክፍል ያስፈልጋታል!

ክራመር ጋ ደወልኩ።

«ቃልዎስ?»

«አሁን እኮ ባለቤቱ እኔ አይደለሁም» አለኝ። «ደግሞ ቤቱን እንዲህ ባያሳምሩት የሚገዛው ነጋዴ ነበር። ቤተሰብ የወደደው በእርስዎ ነው። ግሩም ሥራ ሠርተዋል።»

ይህን ሁሉ ሲለኝ አንዴም አንቱታውን አላጎደለም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁና ቀይ ወጥ ሠራሁ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ። ግድግዳው ይጠጣው።

በማግስቱ ጋሽ ዑመር አንድ ጠበቃ ጋ ወሰዱኝ። ጠበቃዋ «እንቃወማለን» አለች። እናሸንፋለን አላለችም። የውጭ ዜጎች ቢሮ ደግሞ ልቀቂ የተባልኩበት ቤት ለልጅ አይቆጠርም አለኝ። ሰኔ እየመጣ ነው።

እሑድ የስልክ ካርድ ገዝቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። ልነግራት ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር መንገድ ለመንገድ እየተለማመድኩ ነበር የሄድኩት።

«እማዬ፣ ክፍሌ ተቀባ?» አለችኝ ማህሌት፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ።

«ተቀባ።»

«ቢጫ?»

«ቢጫ።»

«ደረቀ?»

«ደርቋል።» እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም።

«መጋረጃስ አለው?»

«አለው» አልኳት። «ሰሞኑን አጥቤ እሰቅለዋለሁ።»

ካርዱ እየቆጠረ ነው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ማህሌት? ማሂ?» አልኩ።

«ያኔ ስትሄጂም እኮ» አለችኝ፣ «አጥበሽ ሰቅለሽ ነበር።»