የታይሚ ደረቅ ሳውና

ሰው ከሳውና ደርቆ ሲወጣ ጎረቤት ዝም ብሎ ያልፋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ኑርመስ በሚገኘው ሕንፃችን ምድር ቤት ያለው ሳውና፣ በጋለ ድንጋይ ሙቀት የምናልብበት ክፍል፣ የሁላችንም ነው፤ ዓርብ ዓርብ በየተራ እንገባለን። ከታይሚ ቀጥሎ ያለው ተራ የእኔ ነው። ስለዚህ በዚያ የበረዶ ወራት ታይሚ ፀጉሯ እንደ ገባች ደረቅ ሆኖ፣ ጉንጯ ሳይቀላ፣ ጠርሙስና ቴርሞሜትር የያዘ ባልዲ አንጠልጥላ፣ የሚኮመጥጥ ሽታ አስከትላ ከቆለፈችው በር ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ያየሁትን ደግሞ ለብቻዬ የማኖር ልማድ የለኝም።

ለሄልቪ ነገርኳት። ሄልቪ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ለእሷ መንገር ለሕንፃው ሁሉ መንገር ስለሆነ ድካም ይቀንሳል። ጠርሙሱን፣ ቴርሞሜትሩን፣ የሚኮመጥጠውን ሽታና የተቆለፈውን በር ደምራ እዚያው ፈረደች።

"አረቄ እያወጣች ነው። ሐዘን አይደል፣ ምስኪን" አለች። ምስኪን ስትል ግን ዓይኗ በደስታ ያበራ ነበር።

ሐዘኑስ እውነት ነው። የታይሚ ባል ኦይቫ ቅጠል ሲረግፍ ነው የሞተው። አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ተሳፋሪውን ሲያስቅ የሚውል፣ ካሜራ ሲያይ ግን እንደ ዓሣ የሚሾልክ። ጥርሶቹ ገና በወጣትነቱ አልቀዋል። የተሠራለትን ጥርስ "የፈረስ ልጓም" እያለ ኪሱ ውስጥ ነበር የሚያኖረው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድናል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ ከንፈሩን ገጥሞ ስለቆመ ለቅሶ የመጣ ነው የሚመስለው።

ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ቀን ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ በይ ያንን ካሜራ አምጪው አላት። ፊልሙ እስኪያልቅ እየሳቀ ፎቶ ተነሳ፤ እጁን አንዴም ወደ አፉ አላነሳም። ሲጨርስ አስማላት።

"አፌን ካንቺ ሌላ ሰው እንዳያየው።"

የከተማችን ፎቶ ቤት ባለቤት ደግሞ ያጠበውን ሁሉ ለባለፎቶው ከመስጠቱ በፊት ለሚስቱ የሚያሳይ፣ ደስ ያለውንም መስኮቱ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው። ታይሚ ቃሏን ልትጠብቅ ከሆነ ፊልሙን ራሷ ማጠብ ነበረባት። እሷ ግን ከሰሃንና ከትምህርት ቤት ወለል በቀር ምንም አጥባ አታውቅም።

በምታጸዳው ትምህርት ቤት የፎቶ ክበብ ስለነበር መምህሩን ጠየቀችው። ክዳን ያላት ጥቁር ጣሳ አዋሳትና አስረዳት። ፊልሙ በድፍን ጨለማ ማጠንጠኛ ላይ ይጠመጠማል፤ ጣሳው ውስጥ ገብቶ ከተከደነ በኋላ መብራት ቢበራም ግድ የለም፤ ምስሉን የሚያወጣው የሚኮመጥጥ መድኃኒት በክዳኑ ቀዳዳ ይገባል፤ እሱም አይሙቅ፣ አይቀዝቅዝ፣ ለብ ይበል። ሕንፃችን ውስጥ ድፍን ጨለማ የሚገኘው ደግሞ መስኮት በሌለው ሳውና ብቻ ነው።

ድመቷንና በረዶውን እያነሳች ተለማመደች። የመጀመሪያው ፊልም እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ፤ ምን ላይ እንደደረሰች ለማየት መብራት አብርታ ነበር። ሁለተኛው ማጠንጠኛው ላይ ተደራርቦ ተጣበቀ። ሦስተኛው ላይ ድመቷ ከነጢሟ ወጣች። በሚቀጥለው ዓርብ ኦይቫን ይዛው ገባች።

ሄልቪም የሕንፃውን ጠባቂ ኬይዮን ልካባት ኖሯል። ኬይዮ በሩን ሲያንኳኳ እኔና ሄልቪ ፎጣ ታቅፈን ከኋላው ቆመናል።

"እትዬ ታይሚ፣ ምድጃው አልበራም እኮ። ምን እየሠሩ ነው?"

"እየታጠብኩ ነዋ።"

"በዚህ ብርድ?"

"በሩን እንዳትከፍት፣ ኬይዮ። ራቁቴን ነኝ።"

ይህን ስትል ካፖርትና የሱፍ ካልሲ አድርጋ ነበር። የተራቆተው እጇ ላይ ያለው ፊልም ነው።

እኛ ዘንድ ሴት ያለችበትን የሳውና በር ወንድ አይከፍትም፤ ውስጥ አረቄ ሳይሆን መድፍ ቢሠራም አይከፍትም። ኬይዮ እስከ ጆሮው ቀላ። ነገር ግን ሰውን ቀዝቃዛ ሳውና ውስጥ ትቶ መሄድም ነውር ነው። የምድጃው ማብሪያ ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ፣ ሳላበራላቸው ቀርቼ ነው ለካ ብሎ እስከ መጨረሻው አዞረው። "አሁን ይሞቅልዎታል" ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ከውስጥ የሆነውን በኋላ ራሷ ነግራኛለች። አጥፉልኝ እንዳትል፣ ሳውና ገብቶ ሙቀት የሚጠላ ሰው ማን ያምናል? እንዳትወጣ፣ ፊልሙ ብርሃን ካየ ኦይቫ እንደ መጀመሪያው ፊልም ከሰል ሆኖ መቅረቱ ነው። ድንጋዮቹ ይግሉ ጀመር። እጇ አላበው፤ ፊልሙ ማጠንጠኛው ላይ ተጣብቆ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። ብትስበው ይቀደዳል።

ኦይቫ ሳውና ሲገባ ሁልጊዜ ከታች፣ ልጆች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሲቀልዱበት፣ ሙቀት ኩሩ ነው፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠን አያገኘውም ይላቸዋል። ታይሚ ትዝ አላትና በጨለማ ወለሉ ላይ ተኛች። መዳፏን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አድርጋ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አላቀቀችው፤ እንደገና ጠመጠመችው፤ ከደነችው።

ባልዲዋን ይዛ ወደ በረዶው ስትወጣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሄልቪ ቅር እያላት "እውነትም ስትታጠብ ነበር" አለችና ወደ ላይ ወጣች።

እኔ ግን ተራዬ ስለሆነ ገባሁ። ታይሚ ተመልሳ ከሳውናው ፊት ባለው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሞቁትን የመድኃኒት ጠርሙሶች ከደጅ በዛቀችው በረዶ ውስጥ ቀብራ ቴርሞሜትሯን ትጠብቃለች። ጠየቅኳት፤ ጣሳዋን እየገለባበጠች ሁሉንም ነገረችኝ። በፎጣዬ እንደተጠቀለልኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳልናገር ያን ያህል የተቀመጥኩበትን ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

ፊልሙን አውጥታ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችውና ብቻዋን በአምፖሉ ብርሃን አየችው። ጀርባዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ስትዞር ግን እየሳቀች ነው።

"ነይ እይ።"

"ቃልሽስ?"

"ነይ እኮ ነው የምልሽ።"

ኔጌቲቭ ነው፤ ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኗል። ሽበቱ ጠቁሯል፤ ፊቱም ጠቁሯል። በሳቅ የተከፈተው ባዶ አፉ ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ያበራል።

"ጥርስ አለው" አልኩ።

"አለው" አለች። ጫፉን በጣቷ ያዝ አደረገችው።

ወረቀት ላይ እስከ ዛሬ አላወጣችውም። ሲያሰኛት መስኮቱ ጋ ወስዳ ወደ ብርሃኑ ታነሳዋለች።

ያን ዕለት ሄልቪ ደረጃው ላይ ጠብቃኛለች። ምን አገኘሽ አለችኝ። ምላሴን በላኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ዓይነት ወሬ ነው።

"አረቄ ነው" አልኳት። "ግን ገና አልደረሰም።"