የአሸዋ ሸር

ባለቤቴ መሐንዲስ ናት። አሸዋ በጎን ሲገፋ ፍሬዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዴት እንደሚንሸራተቱ በኮምፒውተር ታሰላለች። መሥሪያ ቤቷ ይህን ግፊት «ሺር» ይለዋል። እዚህ ሊልበርን ከተማ አብረውን የሚኖሩት እናቷ ግን «ሸር» ብለው ነው የሚሰሙት።

«የአሸዋ ሸር ለማጥናት ይኼ ሁሉ ትምህርት?» አሉ አንድ ቅዳሜ። «ክላርክስተን ያለው የሴቶች ማኅበራችን ብትገቢ በነጻ ታገኚው ነበር።»

«እማዬ፣ መንሸራተት በይው።»

«ሸር ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እኔ ከአማቴ ጋር ወገንኩ። ትክክለኛ ትርጉም ብዙ ጊዜ የሚያስተኛ ነገር ነው።

ባለቤቴ ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። ሰኞ አለቆቿ የአንድ የአፈር መደገፊያ ግንብ ስሌት በእሷ የኮምፒውተር ሞዴል ይሠራ ወይስ ለሌላ ቡድን ይሰጥ እንደሆነ ይወስናሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ የተገፋው እውነተኛ አሸዋ ጠንክሮ ሲቋቋም የእሷ የኮምፒውተር አሸዋ ቶሎ እጁን ይሰጣል። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ፍሬዎቹን ክብ ኳስ አድርጋቸዋለች፣ ኳስ ደግሞ ሲገፉት ይንከባለላል።

«የፍሬዎቹን የሰበቃ ቁጥር ያለ ልክ ብቆልለው ከላቦራቶሪው ጋር ይቀራረባል» አለች። «ማንም አይጠይቀኝም።»

«አድርጊው» አልኳት። «የማይዋሽ ሞዴል አይቼ አላውቅም።»

አማቴ ከሶፋው ሆነው፣ «ይኸው ሸሩ መጣ» አሉ።

ባለቤቴ ሁለታችንንም ገላመጠችን። ከዚያ ቁጥሩን ትታ እንዳይንከባለሉ ኳሶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ማጣበቅ ጀመረች። ስሌቱ ስለሚከብድ አሸዋው የሚገፋበትን የኮምፒውተር ሳጥን አሳነሰችው፤ እስከ እሑድ እንዲደርስላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አሸዋው ምን ያህል እንደተቋቋመ የሚያሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ ነበር። እንደ ላቦራቶሪው ወጥቶ ወርዷል። አሸዋውም ሲገፋ አብጧል፤ ተጨናንቀው የተቀመጡ ፍሬዎች ለመንቀሳቀስ አንዱ በሌላው ላይ መውጣት አለባቸውና።

«ተገፍቶ የሚያብጥ ሰውስ አውቃለሁ» አሉ አማቴ፣ እኔን እያዩ።

መስመሩ ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ ይላል። «እንዲሁ ነው የማሳያቸው» አለች ባለቤቴ። «ለምን ዝቅ እንዳለ መናገር እችላለሁ፤ እውነተኛ ፍሬ ማዕዘን አለው፣ የእኔ ጥንድ ኳስ ግን የለውም።»

ሰኞ ቀትር ላይ ከመኪናዋ ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ለምን ዝቅ አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሞዴሌን ተቀበሉት።»

አማቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ከነሸሩ ነው ወይስ ያለ ሸሩ?»

«ያለ ሸሩ፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ምን አጠናሽ?»