አራት ሰዓት ብቻ ነው አለኝ

ዝናብ የነካው ሸክላ ሲሸተኝ ልቤ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር፣ ወለቃ ይወርዳል። ባለፈው የልጄ ባል በመኪናው ይዞኝ በዚያው ሲያልፍ፣ መንገድ ዳር ለሽያጭ የተደረደረውን ሸክላ ካፊያ መትቶት ያ ሽታ መጣብኝ። «እዚህ መንደር ጓደኛ ነበረችኝ፤ እስራኤል ሄዳ በዚያው ቀረች» አልኩት። ወዲያው ስልኩን መዘዘ። የዘንድሮ ሰው ሐዘን ሲነግሩትም የሚያየው ስልኩን ነው።

«ምነው እማማ፣ ይቺ ምን አላት! ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በአውሮፕላን አራት ሰዓት ብቻ! ቁርስዎን እዚህ፣ ምሳዎን እዚያ።»

«ቁርሴን የት ልብላ ብዬ ጠየቅሁህ?»

ሳቀ። አንዴ አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ ስለወረደ ሰማዩን እሱ የዘረጋው ይመስለዋል። ኪሎ ሜትር ይለኛል! እስቲ ከእሷ ቤት እስከ እኛ ቤት ያለውን በዚያ ስልኩ ይለካልኝ።

በመካከላችን የነበረችው አንዲት ቀጭን ወንዝ ናት፤ በበጋ ፍየል የምትዘላት። እሷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች፣ ቤተ እስራኤል፤ እኔ ደግሞ የማዶ ገበሬ ልጅ፣ ክርስቲያን። የእኛ መንደር ሰው ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይል ነበር። በእነሱ እንስራ ውሃ ቀድቶ እየጠጣ፣ እነሱን መንገድ ላይ ሲያይ ይሸሻል። እንዲህ ያለ ደንቆሮ! በእነሱም በኩል ከእኛ ሰው ጋር የተነካካ፣ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወገኑ መሃል አይገባም፤ ሥርዓታቸው ነው። እኛም ሳንነካካ ተዋደድን። ከጓሯችን የለቀምኩትን ኮክ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ፈቀቅ እላለሁ፤ መጥታ ታነሳዋለች። ጭቃ እያቦካች የምትስቀው ሳቅ እኛ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር።

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ጭነት መኪና መጣ። ጭሱ ወንዙ ላይ ተኛ። ይህ ካመለጠ ሌላ መኪና አይመጣም ይባል ነበር። ሰው ሁሉ ከተጫነ በኋላ እሷ ዘልላ ወረደችና፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ እኔ ሮጠች። እናቷ ከመኪናው ላይ ጮኹ፦

«ከነካሻት ሳትታጠቢ እዚህ አትወጪም! መኪናው እንደሆነ አይጠብቅሽ!»

«የራሱ ጉዳይ፣ ይሂድ!» አለች ሳትዞር።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ጎማው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጣቶቿ ሊደርሱብኝ ሲሉ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ሂጂ በቃ!» አልኳት።

ቀጥ ብላ ቆመች። እጆቿን ቀስ ብላ አወረደች። ተመልሳ ሮጠች፤ ከላይ ጎትተው አወጧት፤ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

እንዳትቀር ብዬ መሸሼን አውቃ ይሆን? ወይስ «እሷም እንደ መንደሯ ሰው ተጸየፈችኝ» ብላ ነው የሄደችው?